ስኳሩ ማለቅ ሲጀምር ገባኝ፤ ልጄ በሰባተኛው ወር አገረሸበት

የኮቺ እናት (ጥር 13 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመት ሙሉ እዚህ ሳነብ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። እድርተኛው አያውቅም፣ እህቶቼ አያውቁም፣ የንስሐ አባታችን እንኳ ግማሹን ነው የሚያውቁት።

ልጄ 28 ዓመቱ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመርቋል። ጫት የጀመረው ለጥናት ብሎ ነው። እኛም አልደነገጥንም። ጅማ ተወልዶ ጫት ያልቀመሰ ማን አለ አልን። ከምርቃናው ለመውረድ ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ተጨመረ። በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ትራማዶል የሚሉት የሕመም ማስታገሻ ኪኒን መጣ። ይሄን ሁሉ ያወቅነው ሥራውን ካጣ በኋላ ነው። አምና ግንቦት አዲስ አበባ ማገገሚያ አስገባነው። ወጥቶ መጣ፣ ወፈረ፣ ሳቀ። በእቁብ ብር ባጃጅ ገዛንለት። ሰባት ወር ደህና ሆነ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወንድሜ አረፈ። ለቅሶ ቤት ነው መቼስ፣ ድንኳን ውስጥ ለሚያድሩት ወንዶች ጫት ይቀርባል። ልጄ ሦስት ሌሊት ከአጎቱ ልጆች ጋር አደረ። እኔ ውስጥ ሴቶቹ ጋር እያለቀስኩ ነበር፤ እዚያ ማን ፊት ምን እንደተቀመጠ አላየሁም።

ከለቅሶው በኋላ ስኳር ማለቅ ጀመረ። እኛ ቤት ስኳር የእንግዳ ነው። አባቱ የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ እኔ ቡናዬን በጨው ነው የምጠጣው፣ ልጅቷ ሻይ አትወድም። ግማሽ ኪሎ ስኳር በሦስት ቀን አለቀ። ጫት ደግሞ በስኳር ነው የሚቃመው። ቆርቆሮውን ገልብጬ ሳየው እግሬ ከዳኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ስነሳ በበሩ ሥር መብራት ይታያል። ኮሪደር ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም ድምፅ የለም፤ ነቅቶ እንደተቀመጠ ግን አውቃለሁ።

በከተራ ዕለት ራሱ ነገረኝ። «እማዬ፣ ዕዳ አለብኝ። 11,400 ብር ክፈሉልኝና በነጋታው ሐኪም ቤት እገባለሁ» አለ። አባቱ ይህን ከሰማ ጀምሮ አይናገርም። አሁን ልክፈል ወይስ አልክፈል? የባጃጁን ቁልፍስ ልንጠቀው? ትንሿ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ቤቱ እንዲህ ሆኖ ምን ታጥና?

---

ተመልካች 07 (ከምሽቱ 4፡41)

እናቴ አይቀየሙኝ፣ ስህተቱ ባጃጁ ነው። ከሱስ ለወጣ ሰው በየቀኑ ጥሬ ብር እጁ ላይ ማድረግ ምን ማለት ነው? ይሽጡት።

---

ሰኞ ገበያ (ከምሽቱ 5፡02)

ይሄ ልጅ ኃላፊነት ነው የጎደለው። ሚስት አምጡለት። የአክስቴ ልጅ ከሱ የባሰ ነበር፤ ጋብቻው ነው ሰው ያደረገው። ጨዋ ልጅ ፈልጉ፣ ሽማግሌ ላኩ፣ ልጅ ሲወልድ ይተወዋል።

---

የድሮዋ ሙሽራ (ጥር 14፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ሰኞ ገበያ፣ ያቺ «ጨዋ ልጅ» እኔ ነበርኩ።

መንደራ ነው ያደግኩት። 22 ዓመቴ ነበር። ሽማግሌ ሆነው የመጡት የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ለእኔ ብቻ ያልተነገረኝ። አማቴ በሠርጌ ማግስት እጄን ይዛ «አንቺ ታስተካክይዋለሽ» አለችኝ። ያኔ ስለ ጠባዩ የምታወራ መስሎኝ ሳቅሁ። አራት ዓመት የሰው ልጅ ስጠብቅ ኖርኩ። የጥሎሽ ወርቄ ሄደ፣ የልጄ ወተት ሄደ። አማቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደክሟት ነበር፤ ሸክሟን እኔ ላይ አውርዳ አረፈች፣ በቃ።

የኮቺ እናት፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ግን ይሄን ምክር ዘመድ ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ሲመጣ ሙሽራዋም የሰው ልጅ መሆኗን ያስቡ።

---

ሰኞ ገበያ (ከጠዋቱ 1፡50)

እህቴ ይቅርታ። የአክስቴን ልጅ ሚስት ጠይቄያት አላውቅም፣ እውነት ለመናገር።

---

ባለመድኃኒት ቤት (ከጠዋቱ 2፡30)

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ብሩ ሌሎች ይመልሱ፤ እኔ ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልናገር።

ልጅዎ ሰባት ወር ከኪኒኑ ርቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ልማዱን ረስቷል። ድሮ ስንት ፍሬ በአንዴ ይውጥ እንደነበር ግን አእምሮው አይረሳም። አገርሽቶበት ያንኑ መጠን ከደገመ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል፤ መጠጥ ወይም ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ኪኒን ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ትራማዶል ሲበዛ እንደሚጥል በሽታም ያንቀጠቅጣል። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ሲያገረሽበት «እንደ ድሮው ሆነ» ይላል። ከድሮው የከፋው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው።

ስለዚህ ቀስቅሰውት ካልነቃ፣ ካንኮራፋ በኋላ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ «ይተኛ፣ ይለፍለት» እንዳይሉ። በጎኑ ያስተኙት፣ ብቻውን አይተውት፣ በአፉ ምንም አይስጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ባጃጁ ደጅ ቆሞ የለ? ይዛችሁት ሩጡ። ለሐኪሙም የወሰደውን በስሙ ንገሩት። «ምግብ አልተስማማውም» ብለው አምጥተውት፣ ሐኪሙ በጨለማ ሲዳክር ያየሁት ቤተሰብ አለ።

ደግሞ ኪኒኑን በየቀኑ መውሰድ ከጀመረ ሰንብቶ ከሆነ በቁጣ ነጥቀው እንዳይጥሉበት። አወራረዱን ሐኪም ይያዘው።

---

የኮቺ እናት (ከጠዋቱ 3፡10)

እግዜር ይስጥልኝ። ይሄንን ማንም አልነገረን። አሁን ሄጄ ቀሰቀስኩት፤ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣው ደስ አለኝ።

---

አባት ከአጋሮ (ከቀኑ 6፡05)

እህቴ፣ እኔ ደግሞ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽ። የኔ ልጅ ነገሩ አረቄ ነበር። ዓመታት ጠጥቷል፤ በኋላ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ ሲኒ አይዝም ነበር። እኔ ወታደር ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ። «ወንድ ልጅ ቆርጦ ነው የሚተው» አልኩና ክፍል ውስጥ ቆለፍኩበት። ምግቡን በመስኮት።

አንደኛው ቀን ላብ በላብ ሆነ፣ ተንቀጠቀጠ። እንዲማርበት ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን እያየ ያራግፍ ጀመር፤ የሞተች አያቱን ስም እየጠራ ያወራታል። እናቱ «ሰይጣን ነው» አለች። ከዚያ ወደቀና አረፋ ደፈቀ። ጅማ እስክናደርሰው ድረስ በመንገዱ ላይ እኔ ያላልኩት ጸሎት የለም።

ሐኪሟ የልጄ ዕድሜ ነው ያላት። «አባቴ፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ካቆመ ሊሞት ይችላል፤ ይሄ በመድኃኒት ነው የሚወርደው» አለችኝ። 61 ዓመቴ ነው፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጁ ተርፏል። ቁልፉን አሁንም ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

---

የጅሬን ሽማግሌ (ከቀኑ 7፡40)

ልጄ፣ ጫቱን ብቻ ከሆነ የተወው ያን ያህል አያስፈራም። ይተኛል፣ ይበላል፣ ይነጫነጫል። ሌሊት ዱካክ ይመጣበታል፤ ቁልቁል ይሰቅለዋል፣ ገደል ይሰደዋል፣ ያንቀዋል። እኛም በጉብዝናችን ረመዳን በገባ ቁጥር እንተዋወቅ ነበር። ሲጮህ ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ውኃ ስጪው፣ ስሙን ጥሪው። ዱካኩ ቀን ሲቆጠር ይሄዳል። ከዱካኩ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ግን አይናቅም። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከወጣው ለሐኪም ንገሩ። ዱአም አድርጉ፣ ጸበልም ውሰዱት፣ ሐኪሙንም አትተዉ። እዚሁ ደጃችን ያለው የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ክፍል አለው፤ ሰው ግን «አማኑኤል ገባ» እንዳይባል 350 ኪሎ ሜትር አልፎ አዲስ አበባ ተደብቆ ይታከማል። ከዚያ ሲመለስ ክትትሉን ማን ይያዝለት?

---

ባለ ኮባ (ከቀኑ 10፡22)

እኔ ጫት ሻጭ ነኝ። እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ፤ እሺ፣ ስድባችሁን ስትጨርሱ ግን አንብቡኝ። ሦስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ነው። በከተማው ሕግ የተከለከለ ሥራም አይደለም። የእንግሊዝ አገር በ2014 በፈረንጆቹ ከልክሏል አሉ፤ እኛ ጋ በኮባ ተጠቅልሎ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ያልቃል። ጫት ካልተሸጠ በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ይሞታል፤ ስለዚህ ማንም ነጋዴ ማታ ላይ ከመጣል በዱቤ መስጠት ይመርጣል። የዱቤው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደብተር አለን። ደብተሩ ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ። አንዱ ራሱ የሚከፍል። ከሱ ጋር ጥንቁቅ ነን፤ 500 ከደረሰ እንዘጋለን፣ ምክንያቱም ከየት ያመጣል? ሁለተኛው እናቱ የምትከፍልለት ነው። የሱ አይዘጋም። አንዴ መጥታ በነጠላዋ ተሸፍና 3,000 ቆጥራ ከከፈለች፣ በሚቀጥለው 6,000 እስኪደርስ ዝም እንላለን። ለምን ትጨነቃለህ? ዋስ አለው። እናትየው ዕዳ የዘጋች ይመስላታል፤ የከፈተችው አዲስ ገጽ ነው።

የኮቺ እናት፣ ከዚህ በፊት ከፍለሽለት ታውቂያለሽ? 11,400 የአንድ ሰሞን ጫት አይደለም። ወይ ሰንብቷል፣ ወይ በጫት ስም ሌላ ነገር አለበት።

---

የኮቺ እናት (ከምሽቱ 1፡08)

ሁለቴ ከፍያለሁ። አምና 2,800፣ ማገገሚያ ከመግባቱ በፊት ደግሞ 7,000። አባቱ አያውቅም። ሁለተኛውን የሰጠሁት ሴትዮ «እናት ናት ያለችው» ብላ ሳመችኝ። የሳመችኝን ጉንጬን አሁን ነው ያቃጠለኝ።

---

ተመልካች 07 (ከምሽቱ 1፡20)

እንግዲህ ሻጭም መካሪ ሆነ።

---

የድሮዋ ሙሽራ (ከምሽቱ 1፡26)

ከሁላችን ጠቃሚውን የተናገረችው እሷ ናት፤ ዝም በል።

---

ሦስት ጊዜ የወደቀ (ከምሽቱ 3፡55)

ማዘር፣ እኔ ልጅዎ ነኝ ማለት ይቻላል። ባጃጅ ነድቻለሁ፣ አጂፕ አካባቢ ተራ ይዣለሁ፣ ጫት፣ ጨብሲ፣ ኪኒን፣ ሁሉንም። ስሜ ላይ እንዳለው ሦስት ጊዜ አገርሽቶብኛል። አሁን አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሱስ ከታከመው ሰው ከ100 ውስጥ ከ40 እስከ 60 የሚሆነው ያገረሽበታል፤ ሐኪሜ ከደም ግፊትና ከአስም ጋር እያመሳሰለ ነው ያስረዳኝ። አባትየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው ብለዋል። ስኳራቸው ከፍ ሲል «ያ ሁሉ ሕክምና ከንቱ ሆነ» ይባላል? መርፌው ይስተካከላል፣ ምግቡ ይታያል። በነገራችን ላይ ይሄን ምሳሌ ለራሳቸው ይንገሯቸው፤ የኔ አባት የገባው በዚህ ነው።

ስለ ዕዳው፦ «ክፈሉልኝና እገባለሁ» የሚለውን እኔም ብዬዋለሁ። ስለው አልዋሸሁም፤ ከልቤ ነበር። ዕዳው ሲዘጋ ግን እፎይታው ራሱ ማክበሪያ ይፈልጋል። እናቴ በሦስተኛው ጊዜ «መጀመሪያ ሐኪም ቤት፤ ዕዳህን ስትሠራ ትከፍላለህ፣ እኔ አብሬህ ሄጄ ጊዜ እንዲሰጡህ እለምናለሁ» አለች። ስድስት ወር ጠላኋት። እውነቴን ነው፣ ያስጠላል። ምግቤን ግን አላጎደለችም፣ ሳህኔ ላይ ነገር አልደረበችም። ኪሴን መፈተሽ አቆመች። እሷ በፈተሸች ቁጥር እኔ የተሻለ መደበቂያ እየተማርኩ ነበር።

ስለ ባጃጁ፦ ተመልካች 07 ብሩን አየ፤ ከብሩ ይልቅ ተራው ነው። ተሳፋሪ ስትጠብቅ ከአራት ሹፌር ሦስቱ ይቅማል፣ ገራባው፣ የጫቱ ትርፍራፊ፣ እግርህ ሥር ነው። ይሽጡት አልልም። አሁን ለሌላ ሹፌር በቀን ገቢ ይስጡት፣ ገቢው ወደ አባቱ ይግባ። ሲሻለው ጠዋት ብቻ፣ የተማሪ ኮንትራት ይሥራ። እኔ የተረፍኩት እንዲያ ነው፤ ከጠዋቱ 12፡30 ሕፃናት እያመላለስኩ። የሰው ልጅ ከኋላህ ጭነህ ሌሊቱን ነቅተህ ማደር አትችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓት ደግሞ ከቀኑ 8 እስከ 11 ነው። ሰውነት ያን ሰዓት ያውቀዋል፤ ሐራራው በሰዓቱ ነው የሚያንኳኳው። እናቴ ልክ 8 ሰዓት ላይ ቡና ማፍላት ጀመረች። ምክር የለም፣ ጸሎት የለም፣ ቡና ብቻ። መጀመሪያ አልወጣሁም።

ለቅሶ ቤት ግን ይቅርታ አድርጉልኝና አሁንም አላድርም። ቀብር እሄዳለሁ፣ ሀዘንተኛውን ስሜ እወጣለሁ። ዘመድ «ሰው ጠላ» ይላል። ይበል።

---

አባት ከአጋሮ (ከምሽቱ 4፡30)

ልጄ፣ እናትህ በሕይወት አሉ?

---

ሦስት ጊዜ የወደቀ (ከምሽቱ 4፡33)

አሉ አባቴ። አጠገቤ ቁጭ ብለው «ለማን ነው እንዲህ የምትጽፈው» እያሉኝ ነው።

---

ሰኞ ገበያ (ጥር 15፣ ከጠዋቱ 2፡12)

የትንሿን ነገር ማንም አልመለሰም። እኔ ሱሰኛ ወንድም ነበረኝ፤ በዚያ ዓመት ፈተና ወደቅሁ። እናቴ «ለማንም እንዳትናገሪ» ስላለችኝ መምህሬ እንኳ አያውቅም ነበር። ልጅቷን የሚስጥር ጠባቂ አታድርጓት። አንድ የምትተነፍስለት ሰው ይኑራት፣ ማታ ማታ አክስቷ ቤት ሄዳ ታጥና። ወንድሟን እንድትጠብቅም አትላኳት፤ እኔን ጫት ቤት በር ላይ ያቆሙኝ ነበር።

---

የኮቺ እናት (ጥር 22፣ ከምሽቱ 3፡00)

ስለቆየሁ ይቅርታ። የሆነውን ልጻፍ።

ያን ሌሊት ለአባቱ ስለ ሁለቱ ክፍያዎች ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር። «እኔም አንድ ጊዜ ከፍያለሁ፣ 4,000» አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ በአንድ አልጋ ተኝተን፣ አንድ ደብተር ላይ ተደብቀን እየተፈራረቅን ስንከፍል ኖረናል። መሳቅ ጀመርኩ፣ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም አልቻልንም።

በማግስቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ነገርነው። ዕዳውን አንከፍልም፣ ቤትህ ቤትህ ነው፣ ሐኪም ቤት አብረንህ እንሄዳለን፣ ባጃጁን ሌላ ሰው ይነዳዋል። የባጃጁ ሲነሳ ቁልፉን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ወጣ። ሁለት ሌሊት አልመጣም። ሁለቱንም ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት፤ ባለመድኃኒት ቤት የጻፈችውን ደጋግሜ አነብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማው ጭቃ ነበር። «ብርድ ነው፣ ግባ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነው እንጂ ብዙ ነበረኝ።

ሰኞ ዕለት አባቱ ይዞት ሄደ። ኪኒኑን በሰባት ቀን ስንት ጊዜ እንደወሰደ ለሐኪሙ አባቱ ፊት ተናገረ። ቁጥሩን አባቱ እስካሁን አልነገረኝም። ባለ ኮባ እንዳለችውም ከ11,400ው የጫቱ ሲሶ አይሞላም። መድኃኒት ጀምሯል፣ በየሳምንቱ ቀጠሮ አለው። ልጅቷ እህቴ ቤት ነው የምታጠናው፤ ስለዚህ እህቴም አውቃለች ማለት ነው። «ጎረቤቱ ሁሉ አምና ያውቅ ነበር፣ አንቺን ላለማሳፈር ነው» አለችኝ። ያ ሁሉ መደበቅ ለማን ኖሯል!

ቡናውን ዛሬ 8 ሰዓት አፍልቼ ጠራሁት። አልወጣም። አቦሉን ለበሩ ያህል ጠጋ አድርጌ አስቀመጥኩለት፣ በረደ። ቶናውን አባቱ ጠጣው።

---

ሦስት ጊዜ የወደቀ (ከምሽቱ 3፡18)

ነገም ያፍሉ። በጨው ነው በስኳር የሚወደው?

---

የኮቺ እናት (ከምሽቱ 3፡25)

በስኳር። ነገ ጠዋት ሂርማታ ገበያ ወርጄ እገዛለሁ።

---

ባለመድኃኒት ቤት (ከምሽቱ 3፡40)

እናቴ፣ የሐኪም ማዘዣውን ወረቀት ይያዙት፤ መድኃኒቱን እርስዎ ወይም አባቱ ዘንድ አስቀምጡና የቀን የቀኑን ብቻ ስጡት። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?

---

የኮቺ እናት (ከምሽቱ 3፡44)

ሰኞ ጥር 26፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። አባቱ ነው የሚሄደው፤ ሸሚዙን ከአሁኑ አስተኩሶ ሰቅሎታል።